በቅሎዋን ያሰርኩበት ቦታ

ልጆቼ፣

ለወጣቶች አንድ ነገር ጻፍልን ብላችሁ መጎትጎት ከጀመራችሁ ሁለት ዓመት አለፈ። እምቢ ያልኩት ኮርቼ አይደለም። ምክር የሚያበዛ ሽማግሌ ድሮም አልወድም ነበር። አሁን ራሴ ሽማግሌ ሆኜ ደግሞ ይብስ አልወደውም። ጠንክራችሁ ተማሩ፣ ሰዓት አክብሩ፣ መጠጥ አታብዙ የሚለውን ቤተሰባችሁ ነግሯችኋል። እኔ አልደግመውም።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንዲት ልጅ ባለፈው ሳምንት የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ልጅቷ እዚሁ ጎንደር የጤና ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ወር ነው የቀራት። ጥናቷን እይልኝ ብላ ማራኪ ያለው ቤቴ ድረስ መጣች። ቡና እየተቆላ ነበር። ላፕቶፗን ከፈተችና የወረዳዎች ካርታ አሳየችኝ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ሕፃናት በብዛት የሚሞቱበት ቀይ ነው። ከዚያ በጣቷ አንዷን አረንጓዴ ወረዳ ነካ አደረገችና እንዲህ አለችኝ፦

"ጋሼ፣ ይቺ ወረዳ ዓመቱን ሙሉ አንድም የጨቅላ ሞት አላስመዘገበችም። ሞዴል አድርጌ ልውሰዳት?"

ስንት ልጅ ተወልዶባታል አልኳት። ከሺህ በላይ ነው አለች። ከሺህ በላይ ተወልዶ አንድም አልሞተም! ጃፓን እንኳ ያ ሁሉ ሐኪምና መሣሪያ እያላት ከሺህ አንድ ገደማ በመጀመሪያው ወር ይሞትባታል። ይህንን ነገርኳት። ልጅቷ ጎበዝ ስለሆነች ወዲያው ገባት። "እና ምንድን ነው ጋሼ፣ ውሸት ነው?" አለችኝ።

ውሸት አይደለም ልላት ፈለግሁ። ማንም አልዋሸም ልላት ፈለግሁ። ግን አፌ አልከፈት አለ። ሲኒዬን ይዤ ዝም አልኩ። ምክንያቱም እንዲህ ያለ አረንጓዴ ቀለም እኔም አንድ ጊዜ ቀብቻለሁ። ያኔ ካርታ አልነበረንም፤ በሰንጠረዥ ላይ በእስክሪብቶ ነው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ቁጥሩን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሬ አይያዝም።

በአገር ደረጃ ሲታይ ሥራው የሚያኮራ ነው። በ1992 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ ሺህ ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 97 ነበሩ። በ1997 ወደ 77 ወረደ። በ2003 ወደ 59፣ በ2008 ወደ 48። ግማሽ ሆነ ማለት ነው። አምስት ዓመት ያልሞላቸውን ስትወስዱ በፈረንጆች 1990 ከሺህ 204 ይሞቱ የነበሩት በ2012 ወደ 68 ወርደዋል። የዓለም መንግሥታት ለ2015 ያስቀመጡትን ግብ አገራችን ሦስት ዓመት ቀድማ ደርሳበታለች። ያን ዜና የሰማሁ ቀን ፒያሳ ላይ ላገኘሁት ሁሉ ማኪያቶ ጋብዣለሁ።

ወደ ክልል ስትወርዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያው በ2008ቱ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከሺህ 28፣ አፋር ላይ 81 ናቸው። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት አዲስ አበባ 39፣ አፋር 125። አንድ አገር ነው። አንድ ባንዲራ ነው። እናቲቱ የት ሆና እንዳማጠች ብቻ ነው ልዩነቱ። በጤና ተቋም የሚወልዱት በአገር ደረጃ ከመቶ 26 ነበሩ፤ አዲስ አበባ 97፣ አፋር 15።

በዚያው ጥናት የመጀመሪያውን ወር ብቻ ለይታችሁ ስታዩ ደግሞ ከሁሉ የከፋው የኛው አማራ ክልል ነበር። ከሺህ 47። አዲስ አበባ 18። ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ የተከፈተው በፈረንጅ 1954 ነው። ያን ያህል ዘመን ጤና መኮንን፣ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ (ሳኒታሪያን) ስናስመርቅ ኖረን ይህ ቁጥር ሲወጣ ብዙዎቻችን አፈርን። አንዳንድ ባልደረቦቼ ጥናቱ ተሳስቷል ብለው ተከራከሩ። እኔ አልተከራከርኩም። ለምን እንዳልተከራከርኩ አሁን ትሰሙታላችሁ።

በ1986 ዓ.ም ነው። ሥራ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመት ሆኖኛል። የምሠራበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ እሱን መጥራት አያስፈልግም። አንድ አነስተኛ ፕሮጀክት መጣ። የልምድ አዋላጆችን ያሠለጥናል፣ ንጹሕ ምላጭና ክር የያዘ የማዋለጃ ዕቃ ያድላል፣ ለነፍሰ ጡሮችም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በየጊዜው ይልካል። ገንዘቡ ግን ለሁለት ቀበሌ ብቻ ነው የሚበቃው። ከአምስት ቀበሌ ሁለቱን ምረጡ ተባልን። መመዘኛው ግልጽ ነው፤ ሕፃናት በብዛት የሚሞቱበት ይቅደም።

ቆጥሮ የሚመጣው እኔ ሆንኩ። አንድ ቅጽ፣ አንድ በቅሎ፣ አንድ መንገድ መሪ ልጅ ተሰጠኝ።

በቅሎዋን ሳልጠቅስ አላልፍም። ቀይ ናት፤ ዳገት ላይ ተአምር ናት፤ ቁልቁለት ላይ ግን እኔን ማውረድ ትፈልጋለች። ሁለት ጊዜ አውርዳኛለች። መንገድ መሪው ልጅ እስኪያመው ይስቅ ነበር። የዛሬ ልጆች በላንድክሩዘር ሄዳችሁ መንገዱ አደከመን ስትሉ የማልስቅበት ምክንያት እሷ ናት፤ ሳቄን ሁሉ ያ ልጅ ጨርሶታል።

አምስተኛዋ ቀበሌ ደጋ ናት፤ ወደ ሰሜን ተራሮች በኩል። ጅባራ የበዛበት፣ ጠዋት ውርጭ የሚነጣበት አገር። ስንደርስ ጉም ነበር። አንድ ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት ገብስ ታሰጣለች። በዕድሜ ከኔ ብዙም አትበልጥም። ግቡ አለችን። በቅሎዋን ከቤቱ ጀርባ ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር አሰርኳትና ገባሁ።

የገብስ ቆሎ አቀረበች። ጠላ ቀዳች። አማቷ እሳት ዳር ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ባሏ ለገበያ ሄዷል። ልጆቹ ይተሻሻሉ። ቅጼን አወጣሁ።

"ስንት ልጅ አለሽ?" አልኳት።

"ሦስት።"

"ስማቸው?"

"ማስረሻ፣ ካሳ፣ ምትኩ።"

ጻፍኩ። ማስረሻ፣ ካሳ፣ ምትኩ። ምትኩ የሚባለው ትንሹ ልጅ አንድ ጆሮው ላይ ቀለበት ተደርጎለታል። አየሁት። ደስ ይላል አልኩ በሆዴ።

"በዚህ ዓመት የሞተብሽ ልጅ አለ?"

አማቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ መሬት መሬት እያየች "የለም፣ ተመስገን" አለች።

የለም ብዬ ጻፍኩ።

አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው። እኔ የደምቢያ ልጅ ነኝ። ማስረሻ የሚባል ስም ለምን እንደሚወጣ አውቃለሁ። ሐዘን ካለ ነው የሚያስረሳ ልጅ የሚያስፈልገው። ካሳ የሚከፈለው ጉዳት ለደረሰበት ነው። ምትክም የሚመጣው የሄደ ሲኖር ነው። ወንድ ልጅ አንድ ጆሮው የሚበሳው ከሱ በፊት ላላደጉት ተብሎ መሆኑን ከእናቴ ሰምቼ ነው ያደግሁት። ሴትዮዋ ለምላሷ የከበዳትን ሁሉ በልጆቿ ስም ነግራኛለች። እኔ ደግሞ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጽፌዋለሁ። ጻፍኩት እንጂ አልሰማሁትም።

ልወጣ ስል በቅሎዋ ካሰርኩበት የለችም። ሴትዮዋ ቀደም ብላ ወጥታ ፈትታ አጥሩ ጋ አስራታለች። ገብሱን ትበላባታለች ብላ ነው ብዬ አሰብኩ። ገብሱ ግን የተሰጣው ከፊት ለፊት ነበር። ይህንንም አላስተዋልኩም።

ቀበሌዋን በሁለት ቀን ጨረስኩ። ከአምስቱ ቀበሌ የሕፃናት ሞት ትንሹ የተመዘገበው እዚያ ሆነ። ደጋ ስለሆነ ወባ የለም፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ምንጩ ጥሩ ነው ብዬ በሪፖርቴ ማብራሪያ ሁሉ ጨመርኩበት። ማብራሪያዬ ተወደደ። ሁለቱ ቀበሌዎች ተመረጡ። አምስተኛዋ ቀረች።

እዚህ ላይ ስለ ወባ አንድ ነገር ልበል። ወባ የሌለበት አገር ሁሉ ጤነኛ የሚመስለኝ ከአባቴ የተነሳ ነው። በፈረንጅ 1953 ደምቢያ ሜዳ ላይ የወረደው ወባ ሰዉን በሺዎች ጨርሶታል። አባቴ ሁለት እህቶቹን በአንድ ሳምንት ቀብሯል። ቀባሪ ጠፍቶ እንደነበር ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። ጎንደር ላይ ኮሌጁ የተከፈተው በዓመቱ ነው፤ ተማሪዎቹም እዚያው ደምቢያ፣ ቆላድባ እየወረዱ ይለማመዱ ነበር። ነጭ ጋዋን ያየሁት መጀመሪያ እዚያ ነው፤ ሙያውንም የመረጥኩት በዚያ ነው። እናም ለእኔ ሞት ማለት ሰው የሚያወራው፣ አገር የሚያስታውሰው፣ ሙሾ የሚወርድለት ሞት ነው። ድምፅ የሌለው ሞት እንዳለ ማንም አላስተማረኝም። ወይም ተምሬው በፈተና ጽፌው ረስቼዋለሁ።

በ1988 ወደዚያችው ቀበሌ ተመለስኩ። ለኩፍኝ ክትባት ነው። በቅሎዋ ያቺው ናት፤ አርጅታለች። መንገድ መሪው ልጅ አሁን ፂም አውጥቷል። ዝናብ ያዘንና ወደዚያው ቤት ገባን። ሴትዮዋ አስታወሰችኝ። እኔም ከልማዴ በቅሎዋን ኮሶው ሥር ላስር ሄድኩ።

"ወንድሜ፣ እዚያ አትሰር" አለችኝ ከኋላዬ።

"ለምን?"

"እነሱ አሉበት።"

ዞር ብዬ አየሁ። ዛፉ ሥር ትንንሽ የድንጋይ ቁልሎች አሉ። እንዳያስታውቁ ሆነው የተደረጉ፣ ሕፃናት ዕቃ ዕቃ የተጫወቱባቸው የሚመስሉ። አራት ናቸው። አንደኛው ላይ ሣር ገና አልበቀለም።

"ያኔ ስትመጣ ሦስት ነበሩ" አለችኝ። "በቅሎህ ትረግጣቸው ነበር።"

ስለዚህ ነበር ያኔ የፈታቻት።

ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው የሚጠመቁት። ከዚያ በፊት የሄደ ጓሮ ነው የሚቀመጠው። ጥሩንባ አይነፋለትም። ለቅሶ አይደረስም። እናቱ በሦስተኛው ቀን እንስራዋን አዝላ ውኃ ትወርዳለች። ጎረቤት ቢያውቅም አያነሳውም።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይህ ጥያቄ ነው። እኔ ጠያቂ ሆኜ፣ ደሞዝ የሚከፈለኝ ሆኜ፣ እሷን ለምን አልነገርሽኝም እላታለሁ።

"አልጠየቅኸኝማ" አለች። "ያለኝን ጠየቅኸኝ፤ ያለኝን ነገርኩህ። ደግሞ እማማ ተቀምጠው ሾተላይ አለብኝ ልበል?"

ከተማ ውስጥ ዛሬ ሾተላይ ሲባል የእናትና የጽንስ ደም አለመጣጣም ነው የምንለው። አገሬው ግን ልጅ የማያድግላትን ሁሉ ሾተላይ አለባት ይላታል። ባል ያስፈታል። ሌላ ሚስት ያስመጣል። አማት ፊት ይህን አምኚ ማለት ቤትሽን አፍርሺ እንደማለት ነው።

እንዴት ሞቱ አልኳት። ከአራቱ የሦስቱ አንድ ዓይነት ነው አለች። ሲወለዱ ደህና ናቸው። ያለቅሳሉ፣ ይጠባሉ። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ጡት እምቢ ይላሉ። መንጋጋቸው ይገጥማል። ጀርባቸው እንደ ቀስት ይለጠጣል። ሳምንት አይሞላቸውም። የሦስተኛው ብቻ ሳያለቅስ ነው የሄደው፣ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ነበር አለች።

እትብታቸው በምን ተቆረጠ አልኳት። ባገኘነው አለች። በማጭድ። አንዴ በአሮጌ ምላጭ። ቁስሉ እንዲደርቅም እበት ይቀባል።

መንጋጋ ቆልፍ ነው። መጽሐፍ ገልጣችሁ የምታነቡት፣ ቃል በቃል። ተህዋሲው አፈርና እበት ውስጥ ይኖራል፤ ባልደረቀ እትብት ይገባል። መከላከያው ደግሞ የሚያሳዝን ያህል ቀላል ነው። እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ቢያንስ አራት ሳምንት አራርቃ ሁለት መርፌ ብትወጋ ሰውነቷ የሚሠራው መከላከያ ወደ ልጇ ያልፋል። እትብቱ በንጹሕ ምላጭ ቢቆረጥ፣ ምንም ሳይቀባ ቢተው። ይኸው ነው። እኔ ለሁለት ቀበሌ ያስመረጥኩት ፕሮጀክት ያደረገው ይህንኑ ነበር። አራተኛው ድንጋይ የተቆለለው ፕሮጀክቱ ከጀመረ በኋላ ነው። እሷ ጋ ያልደረሰው በኔ "የለም" ምክንያት ነው።

እዚህ ድረስ ያለውን ለአንዳንዶቻችሁ ክፍል ውስጥ አውርቼው አውቃለሁ። ቀጥሎ ያለውን ግን ለባለቤቴም አልነገርኩም።

ከተማ ተመልሼ ለአለቃዬ ነገርኩት። ቁጥሩ ስህተት ነበር አልኩት። "አሁን ምን እናድርገው? ሪፖርቱ ሄዷል፣ ገንዘቡ አልቋል" አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ደክሞት ነው። እኔም ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ከዚያ የዕድገት ውድድር መውጣቱን ሰማሁ። የራሴን ስህተት ራሴ ፈርሜ ማስገባት ከበደኝ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። ዕድገቱን አገኘሁ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ የዕቅድ ሰነድ እያገላበጥኩ ያ ሰንጠረዥ ገጠመኝ። የቀበሌዋ ስም፣ ከጎኑ የኔ ቁጥር። "ከተጠኑት ቀበሌዎች ዝቅተኛው" ይላል። ዝም ብዬ ገጹን ገለበጥኩ።

ለዚህ ነው በ2008 የክልላችን ቁጥር ሲወጣ ያልተከራከርኩት። 47 ሲሉ ባልደረቦቼ በዛ አሉ። እኔ እንዲያውም ከእውነቱ ሊያንስ ይችላል ባይ ነበርኩ። ያ ጥናት የሚጠይቀው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ነው። በወሊድ የሞተች እናት ስለ ልጇ የምትጠየቅበት ቤት የለም። የክልሎቹም ቁጥር የአሥር ዓመት ድምር ነው፤ በክልል ሲከፋፈል የሚጠየቀው ሰው ስለሚያንስ ዓመቱን ማስረዘም ግድ ነው። ስለዚህ የ2008 ቁጥር ሲባል ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሞቱትም አሉበት። ደረጃ እያወጣችሁ እገሌ ክልል አንደኛ፣ እገሌ መጨረሻ ስትባባሉ ይህን አስቡ። እንደ ኳስ ሰንጠረዥ አታድርጉት።

የኔ ግምት፣ ግምት ነው እንግዲህ፣ ዓመት ሊሞላው ሲል የሞተ ልጅ አይረሳም። ስም አለው፣ ክርስትና አለው፣ ሥቋል። እናቱ ትቆጥረዋለች። የመጀመሪያው ሳምንት ሟች ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ዕድሜ እያነሰ በሄደ ቁጥር በቁጥሩ ላይ ያለኝ እምነትም ያንሳል። በሁሉም ክልል።

ቁጥር አትመኑ እያልኩ ግን ደብዳቤዬን በቁጥር እንደሞላሁት አይታችኋል። ምን ላድርግ፣ ሌላ የለኝም። ደግሞ ያ ጥናት ከኔ ቅጽ ይሻላል። ሴቲቱን የሚጠይቃት ያላትን ልጅ ብቻ አይደለም። በሕይወት ተወልዶ በኋላ የሞተ አለ ወይ ይላታል። የለም ካለች ደግሞ አያልፋትም፤ ያለቀሰ፣ የተንቀሳቀሰ፣ ለመተንፈስ የሞከረ፣ ለትንሽ ጊዜም ቢሆን የሕይወት ምልክት ያሳየ አልነበረም ወይ ብሎ ይደግማል። ያን ጥያቄ መጀመሪያ ሳነብ ወንበሬ ላይ ደንግጬ ቀረሁ። ትንሽ ተንቀሳቅሶ የሄደው ሦስተኛው ልጅ በዚያ ጥያቄ ይገኝ ነበር።

ዊልያም ብራስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነበር። በ1960ዎቹ፣ በፈረንጅ፣ የልደትና የሞት መዝገብ በሌለበት አፍሪካ የሕፃናትን ሞት ለመገመት ዘዴ አወጣ። እናቶችን በዕድሜያቸው ከፋፍሎ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ስንት ወለድሽ፣ ስንቱ በሕይወት አሉ። ስለ ሞት በቀጥታ መጠየቅ ሳያስፈልግ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። የኛ ባላገር ሴቶች ይህንን ከሱ በፊት ያውቁታል። እርስ በርስ ሲጠያየቁ "ስንት ወለድሽ? ስንቱ አደገልሽ?" ነው የሚባባሉት። የኔ ቅጽ ግን "ስንት ልጅ አለሽ" ይላል። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ከተማ ተቀምጦ ነው ብዬ ለብዙ ዓመት አማሁት። ያ ሰው እኔ ራሴ ነበርኩ፤ ከሌላ ሰው ጋር ለሁለት ሆነን ነው ያዘጋጀነው። ይህንንም ካወጣሁት ይውጣ።

እንግዲህ ምክር ካላችሁኝ ከዚህ የሚወጣውን እናንተ አውጡት። እኔ ጥቂት ነገር ብቻ ልጣል።

ቤት ስትገቡ አማት ካለች፣ ባል ካለ፣ ቡናው እስኪያልቅ ጠብቁ። ሴቲቱ እንስራ ይዛ ስትወጣ አብራችሁ ውጡ። ወንድ ከሆናችሁ ሴት ባልደረባችሁን ላኩ። ይህንን ከቅጹ መመሪያ አታገኙትም።

የልጆቹን ስም ስትጽፉ ቀስ በሉ። እኔ ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ሁሉ መተኪያ፣ ካሴ፣ መካሻ የሚል ስም በሰማሁ ቁጥር እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው አንድ ታሪክ አለ። አንዳንዴ ደግሞ አያቱን ለማስታወስ ብቻ የወጣ ይሆናል፤ እናቲቱ ትስቅብኛለች፤ ይሁን።

ዜሮ ስታዩ አትደሰቱ። ዜሮ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሁለት ቦታ ነው፤ ሁሉ ነገር ካለበት ወይም ምንም ከሌለበት። ጤና ጣቢያ ሞት የሚመዘግበው እሱ ጋ መጥቶ የሞተውን ነው። ቤቱ የተወለደ ቤቱ ሞቶ ጓሮ የተቀበረ የማን መዝገብ ላይ ይገባል? በ2004 የወሳኝ ኩነት አዋጅ ወጣ፤ በ2008 ማብቂያ ምዝገባው ተጀመረ። ጥሩ ነው። ግን አርባ ቀን ያልሞላው፣ ስም ያልወጣለት ልጅ አባት ቀበሌ ሄዶ ልጄ ሞተ ብሎ ይሰለፋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? እኔ አልጠብቅም።

ስለ እናንተም ልናገር። የዛሬ ልጆች ሜዳ መውጣት አትወዱም። ቴሌግራም ላይ ዳታ ትላላካላችሁ፣ ሶፍትዌር ላይ ትጭናላችሁ፣ ግራፍ ታወጣላችሁ፣ አለቀ። ካርታ ታስጌጣላችሁ። ሰው ቤት ገብታችሁ ቆሎ ለመቆርጠም ጊዜ የላችሁም። ይህን ስል ግን አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ዓመት የሠለጠኑ ልጃገረዶች፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው የወጡት። ያን ሁሉ ዳገት በእግራቸው፣ በጎማ ጫማ። የክትባት ብልቃጥ ትከሻቸው ላይ። እንደ እኔ በቅሎ አልተሰጣቸውም። እናቶችን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስከተቡት እነሱ ናቸው። በፈረንጅ 2017 የእናቶችና የጨቅላ መንጋጋ ቆልፍ በአገራችን የማኅበረሰብ ጤና ችግር ከመሆን ወጣ ተብሎ ሲረጋገጥ ያ የነሱ ነው። ስለዚህ ስለ ወጣቶች ያልኩትን ሰርዙት። ወይም ግማሹን ሰርዙት፤ ካርታ ማስጌጡ እውነት ነው።

አሁን የቀረው ሞት ሌላ መልክ አለው። ያለቀኑ የተወለደ፣ ሲወለድ የታፈነ፣ ደሙ የተመረዘ። መንጋጋ ቆልፍን ያህል በሁለት መርፌ አይመለስም። እጅ የለመደ አዋላጅ በመጀመሪያዋ ደቂቃ አምቡ ባግ የሚሉትን በእጅ የሚጨመቅ የአየር መስጫ ከረጢት አንስታ መንፋት አለባት። ትንሹን ልጅ እናቱ ደረቷ ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጋ ማሞቅ አለባት። ኮሎምቢያ ውስጥ በፈረንጅ 1978 ማሞቂያ ሣጥን ቢያጥራቸው የጀመሩት ዘዴ ነው፤ ጋቢያችን ለዚህ የተሠራ ይመስላል። መንገድና አምቡላንስ ያስፈልጋል። ይህን ከኔ ይልቅ እናንተ ስለምታውቁት አልገባበትም።

ወደዚያች ቀበሌ ዳግመኛ አልሄድኩም። ምክንያት አበዛለሁ፤ ጉልበቴ፣ መንገዱ፣ ጸጥታው። ማስረሻ ዛሬ አርባ ዓመት አልፎታል። በሕይወት ካለ የልጆች አባት ይሆናል። ኮሶው ተቆርጦ ይሆናል፤ ኮሶ ዛሬ ብርቅ ነው።

ለልጅቷ ይህንን ሁሉ አልነገርኳትም። ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ ነበር። የነገርኳት አንድ ነገር ነው። "ያቺን ወረዳ አረንጓዴ አትቀቢያት" አልኳት።

"ቀይ ላድርጋት?"

"ቀይም አይደለም። አላወቅንም። ባዶ ተያት።"

ኪቦርዱን ነካካች። እንደገና ነካካች።

"ጋሼ፣ ሶፍትዌሩ ባዶ ስተወው ራሱ ዜሮ ይጽፍበታል" አለችኝ።

ማክሰኞ ተመልሳ ትመጣለች። እስከዚያ አስብበታለሁ ብያታለሁ።